ግጥም ሲነበብ፣ ግጥም ሲጠየቅ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የወጣት ማዕከል ለንባብ ክበቡ በፈቀደው ክፍል ውስጥ የፕላስቲክ ወንበሮች ክብ ሠርተዋል። መድረክ የለም፣ ማይክሮፎንም የለም። ከአዳራሹ ማዶ ልጆች ከረንቦላ ሲጫወቱ ይሰማል። ከተሰበሰቡት መካከል ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር፣ ከሥራ በቀጥታ የመጣች ነርስ፣ የታክሲ ረዳት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና አንድ የባንክ ሠራተኛ አሉ። ተራው የደረሳት በሠላሳዎቹ መጨረሻ ላይ ያለች ልብስ ሰፊ ናት። ከቦርሳዋ የተጣጠፈ ወረቀት አውጥታ ጉሮሮዋን ጠረገችና አነበበች። ከረዘም ካለው ግጥሟ መካከል ሁለት ስንኝ እነሆ፦

ቡናው ፈልቶ ነበር፣ ረከቦቱ ሞልቶ፤
ጎረቤት ጠፋብኝ፣ ሰፈሬ ተፈትቶ።

ማንም አላጨበጨበም። የክበቡ ሥርዓት ነው። ወረቀቱን ከጎኗ ያለችው ነርስ ተቀበለችና በራሷ ድምፅ ደግማ አነበበችው። ገጣሚዋ ዝም ብላ መስማት አለባት፤ ሌሎቹ ተናግረው እስኪጨርሱ ድረስ ግጥሟን ማስረዳትም መከላከልም አይፈቀድላትም።

መጀመሪያ የተናገረው ከተማሪዎቹ አንዱ ነው። «እትዬ፣ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ቀደምሽኝ። ረከቦቱን ስታሳዪኝ እኮ እኔው ልደርስበት ነበር» አላት። የባንክ ሠራተኛው አልተስማማም። እሱም ካደገበት ሰፈር ተነሥቶ ኮንዶሚኒየም የገባ ነው፤ «ሰፈሬ ተፈትቶ» የሚለው ሐረግ ሆዱን እንዳባባው ተናገረ። ጡረተኛው መምህር እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሲያዳምጡ ቆዩና ሥርዓቱን ትንሽ ጣስ አድርገው ገጣሚዋን ጠየቋት።

«ልጄ፣ የዚያን ቀን ስንት ስኒ ነበር የደረደርሽው?»

«ስድስት፣ ጋሼ።»

«ስንቱን ቀዳሽ?»

«አንዱን። የራሴን።»

«እሱን ነዋ የምትጽፊልን!»

በሌላ ቀን ይዛው የተመለሰችው ስንኝ እንዲህ ይል ነበር፦

ቡናው ፈልቶ ነበር፣ ረከቦቱ ሞልቶ፤
አንድ ስኒ ሞቀ፣ ሌላው ባዶ ቀርቶ።

ሰፈሩ መፍረሱ፣ ጎረቤት መበተኑ፣ ሴትዮዋ ብቻዋን መቀመጧ ሁሉ አሁን ስኒው ውስጥ ገብቷል። የባንክ ሠራተኛው ግን እስከ መጨረሻው በአቋሙ ጸና፤ ሰፈር ሲፈታ በስሙ ተጠርቶ መነገር አለበት ባይ ነው። ክርክሩ አልተቋጨም። እኔ ከመምህሩ ጋር ነኝ፤ ሆኖም እንዲህ ያለ ክርክር ለአንድ ስንኝ ሲባል ሃያ ደቂቃ መውሰዱ ራሱ ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ሆነኝ። ግጥም የሚነበብበት ቦታ በከተማችን አይጠፋም። ግጥም የሚጠየቅበት ቦታ ግን ጥቂት ነው።

ገጣሚው ዝም ብሎ ሲሰማ ሌላው ሲያርመው ማየት እንግዳ የሚሆንበት ሰው ካለ የቅኔ ቤቶቻችንን ያስታውስ። በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በዋድላ ስልት በሚያስተምሩት ጉባኤ ቤቶች ተማሪው ከጓደኞቹ ተለይቶ ከዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ቅኔ ይቆጥራል። ሲቆጥር የዋለውን ይዞ የኔታ ፊት ይቀርባል፣ በቃሉ ይናገራል። ነገራ የሚባለው ይህ ነው። የኔታ ያዳምጣሉ፤ ግሱ ከአገባቡ ካልገጠመ፣ ሰሙ ወርቁን ካልተሸከመ፣ ምጣኔው ከጎደለ እዚያው ያርማሉ። ጀማሪው ባለ ሁለት ቤቷን ጉባኤ ቃና ይዞ ይነሣል፤ ባለ ሦስት ቤቱን ዘአምላኪየ፣ ከዚያም ሌሎቹን እያለፈ ባለ ስምንት ቤቱ መወድስ ላይ ሲደርስ ጓደኞቹ ፊት ስንት ጊዜ እንደታረመ ቤት ይቁጠረው። ተማሪውን የሚያስተምረው የራሱ መታረም ብቻ አይደለም፤ የጓደኛው ቅኔ ሲታረም ቆሞ መስማቱ ጭምር ነው።

መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ በቴፕ ቀርጸው በ1959 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ የዚያ ዓለም ድምፅ ሕያው ሆኖ ይሰማል። አለቃ ለማ ስለ ቅኔ መምህራን ሲያወሩ ማን ምን ተናገረ፣ ማንስ ምን ብሎ መለሰለት የሚለው አብሮ ይመጣል። ቅኔው ከሰሚው ተነጥሎ አይወራም። የጎጃሟ ዓይነ ሥውር የቅኔ መምህርት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ደግሞ ትምህርቱን ከአባታቸው በጆሮ ተቀብለው፣ በጆሮ እየሰሙ፣ በቃል እያረሙ ተማሪ አፍርተዋል። ለግጥም ጆሮ ምን ያህል እንደሚበቃ ከእሳቸው ሕይወት የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

አንድ ልዩነት ግን አለ። በቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የሚቀርብ ቅኔ ለዕለቱ ይቆጠራል፤ ተናግረውት፣ «ይበል! ይበል!» ተብሎለት ያልፋል፤ ነገ ተደግሞ አይቀርብም። የክበቡ ግጥም ይመለሳል። ተጠይቆ ይሄዳል፣ ተስተካክሎ ይመጣል፣ አንዳንዴም ሳይስተካከል በእልህ ይመጣል።

በዘመናዊ ትምህርት ቤት የተማረው ትውልድም ግጥምን በአደባባይ መስማት ከቀድሞ ጀምሮ ያውቃል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በየዓመቱ ይከበር በነበረው የኮሌጅ ቀን ተማሪዎች ግጥማቸውን በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ያነቡ ነበር። ታምሩ ፈይሳ «ደሀው ይናገራል»ን በ1953 ዓ.ም. ሲያነብ ግጥም የተማሪው ንቅናቄ ድምፅ መሆን ጀመረ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ገሞራው በሚለው የብዕር ስም የምናውቀው ኃይሉ ገብረ ዮሐንስ «በረከተ መርገም»ን ይዞ መጣ። እነዚህ ግጥሞች ከአዳራሹ ወጥተው በእጅ ጽሑፍ እየተገለበጡ፣ በቃል እየተጠኑ ተሰራጩ። ያ ትውልድ ግጥምን ከአገሩ ጉዳይ ነጥሎ አላየውም፤ ይህን ስለ ሠራ አከብረዋለሁ። ሆኖም በዚያ መድረክ ግጥም የሚመዘነው በያዘው ሐሳብ ድፍረት ነበርና አሠራሩን በዝርዝር የመመርመሩ ነገር ወደ ኋላ ሳይቀር አልቀረም። ዛሬም በብዙ የግጥም ምሽቶች ላይ የሚያስጨበጭበው የወቅቱን ቁስል የነካው ስንኝ ነው።

የግጥም ምሽቶችን ላሳንስ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በራስ ሆቴል የጀመረው «ጦቢያ ግጥምን በጃዝ» በየወሩ አዳራሽ ሲሞላ ያየ ሰው ግጥም ሰሚ አጣ ብሎ አያዝንም። ግጥምን ከትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያ ጥግ አውጥቶ ሰው ገንዘብ ከፍሎ፣ ወንበር ተሻምቶ የሚሰማው ነገር ማድረግ ትልቅ ሥራ ነው። የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበር ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የባህል ማዕከል በስድስት ኪሎ፣ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ በወመዘክር አዳራሽ ሲካሄዱ የኖሩት የመጽሐፍ ውይይቶችም የየራሳቸውን ድርሻ አበርክተዋል። መድረክ ግን የራሱ ጠባይ አለው። ገጣሚው አንድ ጊዜ ያነባል፤ ሰሚው ወዲያው መረዳት አለበት፤ ካልተረዳ ያመልጠዋል። ስለዚህ ለመድረክ የሚጻፍ ግጥም እያደር ድምፁን ከፍ፣ መልእክቱን ገላጣ እያደረገ ይሄዳል። ስድስት ስኒ ደርድሮ አንዱን ብቻ የቀዳ ግጥም በጭብጨባ መካከል በቀላሉ ይጠፋል። እሱ የሚሻው ጥቂት ሰው፣ ወረቀትና ትዕግሥት ነው።

ወደ ክፍሉ ልመለስ፤ አንድ ነገር አለ፣ ካላዩት የማያምኑት። ክበቡ ግጥሙን ሁለተኛ ጊዜ በሌላ ሰው ድምፅ የሚያስነብበው ለጨዋታ አይደለም። የአማርኛ ፊደል የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አያሳይም፤ አንባቢው ነው የሚወስነው። የታክሲ ረዳቱ ባመጣው ግጥም ውስጥ «የእኛ ቀን ገና ነው» የሚል ሐረግ ነበረበት። እሱ ሲያነበው «ና»ን አላልቶ ነው፤ ቀናችን ገና አልደረሰም ማለቱ ነው። ነርሷ ደግማ ስታነበው አጠበቀችው፤ የእኛ ቀን የልደት በዓል ሆነ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ረዳቱ ግን አልሳቀም፤ ወረቀቱን ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ሳያስበው የመጣችለትን ሁለተኛ ትርጉም ሊያባርራት ወይስ ቤት ሊሰጣት እያመነታ ነበር። በኋላ ላይ ተስፋን ከበዓል ጋር የሚያገናኝ አንድ ስንኝ ጨመረበትና ግጥሙ በሁለቱም መንገድ የሚነበብ ሆነ። ብቻውን ቤቱ ቢቀመጥ ኖሮ ይህን ማን ይነግረው ነበር? የራሱን ግጥም ሁልጊዜ በራሱ ድምፅ ነው የሚሰማው።

የቀለም ቆጠራውም እንዲሁ ነው። ልብስ ሰፊዋ ስንኟን ስታሻሽል ጣቷን እያጠፈች ትቆጥር ነበር። የመረጠችው በብዙ ሕዝባዊ ግጥሞቻችን የምናውቀውን የወል ቤት ነው፤ በእያንዳንዱ ሐረግ ስድስት ስድስት ቀለም፣ መካከል ላይ ዕረፍት። አምስት አምስት የሚረግጠው ሰንጎ መገን ይባላል፤ ስምንት ስምንቱ ደግሞ በባለቤቱ በጸጋዬ ገብረ መድኅን ስም የጸጋዬ ቤት ይባላል። ጸጋዬ ያን ረጅም ሐረግ የወደደው ለሚሸከመው ሐሳብ ትንፋሽ እንዲበቃው ይመስለኛል፤ «እሳት ወይ አበባ»ን ድምፅ አውጥቶ ያነበበ ሰው ትንፋሹ የት ላይ እንደሚያጥረው ያውቃል። ብርሃኑ ገበየሁ «የአማርኛ ሥነ ግጥም» በተባለው መጽሐፉ ይህን ሁሉ በሥርዓት አስቀምጦልናል። ደበበ ሰይፉም ገጣሚነቱ ሳያንስ ስለ ሥነ ጽሑፍ በአማርኛ የምንነጋገርበትን ቋንቋ ካበጁልን መምህራን አንዱ ነው። የክበቡ ወጣቶች «እዚህ ላይ ምጣኔው ይሰብራል» ብለው በልበ ሙሉነት ሲናገሩ ስሰማ የእነዚህ ሰዎች ድካም ፍሬ ማፍራቱ ደስ ይለኛል።

ቤት መምታት የግድ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ በየክበቡ ሳይነሣ አይቀርም። ሲነሣም ድምፅ ከፍ ይላል። ሰሎሞን ዴሬሳ በ1963 ዓ.ም. «ልጅነት»ን ሲያሳትም በተለመደው ቤትና ምጣኔ አልታሰርም በማለቱ ያስነሣው ክርክር ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎት ዛሬም ትኩስ ነው። አንዱ ቤት የማይመታ ግጥም ተቆራርጦ የተጻፈ ዝርው ነው ይላል። ሌላው ቤት ለመምታት ሲባል ሐሳቡ ተጠምዝዞ የተሰበረበትን ስንኝ ከመጽሐፍ እያወጣ ያሳያል። እኔ በዚህ ክርክር ውስጥ የታዘብኩት፣ ሁለቱም ወገኖች ከንድፈ ሐሳብ ይልቅ አንድ ግጥም ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ሲነጋገሩ በፍጥነት እንደሚቀራረቡ ነው። «ይህ ስንኝ ለምን እዚህ ላይ ተቆረጠ?» የሚለው ጥያቄ ለሁለቱም እኩል ይከብዳል።

የክበብ ትልቁ እንቅፋት የገንዘብ ወይም የቦታ እጦት ይመስለን ይሆናል። አብረን ስናየው ግን ይሉኝታ ይብሳል። ሰው ፊት ለፊት ግጥሙን ማረም በባህላችን ቀላል አይደለም። «ቆንጆ ነው»፣ «በርታ»፣ «ቀጥልበት» እንላለን፤ ከዚያ ከበር ስንወጣ የልባችንን እናወራለን። ተነቃፊውም ስንኙ ሲነካ ራሱ የተነካ ይመስለዋል። በአንድ ስብሰባ ላይ አንድ ወጣት ግጥሙ «የሰው ቃል ይመስላል» ሲባል ወረቀቱን አጣጥፎ ወጣ። ተመልሶም አልመጣም። አስተያየቱ ትክክል ነበር፤ አሰጣጡ ግን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ክበቡ አንድ ልማድ አበጅቷል፦ አስተያየት ሰጪው በመጀመሪያ ከግጥሙ ውስጥ ልቡ የቀረበትን ስንኝ በቃሉ ይላል፤ ከዚያ የቸገረውን ቦታ ጠቁሞ በጥያቄ ያቀርባል። «ደካማ ነው» አይባልም። «እዚህ ላይ ማን ነው የሚናገረው?» ይባላል። ጥያቄ ሲሆን ገጣሚው መልስ ለመፈለግ ወደ ወረቀቱ ይመለሳል፤ ፍርድ ሲሆን ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የአዝማሪ ቤትን ለሚያውቅ ይህ መቀባበል አዲስ አይሆንበትም። ታዳሚው «ተቀበል!» ይልና ስንኝ ይወረውራል፤ አዝማሪው በማሲንቆው ተቀብሎ ይዘፍነዋል፤ ሌላው ታዳሚ በሌላ ስንኝ ይመልሳል። እዚያ ግጥም የአንድ ሰው ንብረት ሆኖ አይቆይም። በለቅሶ ቤት ሙሾ አውራጇም እንዲሁ ናት፤ ከአልቃሾቹ አፍ ስንኝ እየተቀበለች ነው የምታወርደው። ክበቡ ከእነዚህ የተማረው ነገር ካለ ግጥም ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ እንደማይጎድል ነው።

የሴቶች ነገር ግን ሳይነሣ አይታለፍም። በእንጉርጉሮና በሙሾ የግጥም ባለቤቶች ሆነው የኖሩት ሴቶች በመጽሐፍና በመድረክ ላይ ቁጥራቸው ያንሳል። አንዱ ምክንያት ሰዓቱ ነው። የግጥም ዝግጅቶች አብዛኞቹ በምሽት ናቸው፤ ሲያልቁ ታክሲ የለም፣ ቤት ልጅ ይጠብቃል፣ መንገዱ ጨለማ ነው። ይህ ክበብ ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት መሆኑ ልብስ ሰፊዋን አመጣት፤ ነርሷን አመጣት። ልጇን ይዛ የምትመጣም አለች፤ ልጁ ከወንበሩ ሥር ሥዕል ይሥላል። ሌሎች አዘጋጆች በዚህ ያስቡበት። ሰዓት ለመቀየር በጀት አያስፈልግም።

ክበቡ የአባላቱን ግጥም ብቻ አያነብም። በየተወሰነ ጊዜ የታተመ መጽሐፍ ይመርጣሉ። መጽሐፍ ተወድዷል፤ ሁሉም መግዛት አይችልም፤ ስለዚህ አንድ ቅጂ በዙር ይነበባል። ገብረ ክርስቶስ ደስታን ያነበቡ ጊዜ በክፍሉ የነበረው ዝምታ ከሌላው ቀን የተለየ ነበር። ሠዓሊው ገጣሚ በስደት፣ በአሜሪካዋ ኦክላሆማ ነው ያረፈው፤ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» የተሰኘው የግጥም መድበሉ በመጽሐፍ የወጣው ካለፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ከተማሪዎቹ አንዷ ወንድሟ በባሕር ተሰድዶ አውሮፓ የገባ ነው፤ ስለ ግጥሙ ስትናገር ስለ ወንድሟ እየተናገረች እንደሆነ ሁሉም ገብቶታል፣ ማንም ግን አልጠየቃትም። የዚያን ዕለት ስለ ምጣኔ ያነሣ ሰው አልነበረም። ክበብ ይህንንም ማወቅ አለበት፤ አንዳንዱ ቀን ለማረም አይሆንም።

ትምህርት ቤቶቻችን ግጥም በቃል ማጥናት አስተምረውናል። የከበደ ሚካኤልን «ታሪክና ምሳሌ» በልጅነቱ በቃሉ ያልያዘ የቀድሞ ዘመን ተማሪ ጥቂት ነው። ግጥሙን ከያዝነው በኋላ ግን «ገጣሚው ለምን እንዲህ አለ? አንተስ ብትሆን እንዴት ትለው ነበር?» ብሎ የጠየቀን መምህር ስንቶቻችን ገጠመን? ያን ጥያቄ አሁን እርስ በርሳችን መጠያየቅ እንችላለን። ለዚህ የሚያስፈልገው ትንሽ ነው፦ ከአምስት ያላነሱ ሰዎች፣ የማይቀየር ቀንና ሰዓት፣ በእጅም ቢሆን የተገለበጠ ወረቀት፣ ተራ የሚያስጠብቅ አንድ ሰው።

ቦታም አለ። ወመዘክር ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ የሕዝብ ነው፤ አራት ኪሎ ላይ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም የሕዝብ ነው። በየክፍለ ከተማው የወጣት ማዕከሎችና ቤተ መጻሕፍት አሉ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ የሚውሉ ክፍሎችም አሏቸው። የእነዚህ ተቋማት ኃላፊዎች፣ ሁለት ሰዓት ክፍት የሚሆን አንድ ክፍልና ጥቂት ወንበር ለግጥም አንባቢዎች ፍቀዱ። አንባቢ ሆይ፣ አንተም አንቺም መሳቢያ ውስጥ የደበቃችሁት ግጥም ካለ አውጡትና ለአንድ ሰው አንብቡት፤ ካነበባችሁ በኋላም «ጥሩ ነው ወይ?» ከማለት «የቱ ጋ ጠፋህ?» ብላችሁ ጠይቁት።